ያልረጋ የእጅ አንጓ ስብራት፦ ሽቦ፣ ብረት ወይስ ጄሶ?

በክረምት የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ሲርስ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የሚወድቅ ሰው መዳፉን ዘርግቶ መሬት ሲይዝ ክብደቱ በሙሉ የእጅ አንጓው ላይ ያርፋል። አጥንታቸው በዕድሜ የሳሳ እናቶች በቀላል አወዳደቅም ይሰበራሉ።

አጥንቱ ከቦታው ካልተንሸራተተ ጄሶ ይበቃዋል። ከተጣመመ ግን በማደንዘዣ ተስቦ ይስተካከላል። አንዳንዱ ከተስተካከለም በኋላ ጄሶው ውስጥ ተመልሶ ይጣመማል፤ «ያልረጋ ስብራት» የሚባለው ይህ ነው። ሪፈር ተጽፎልዎ ሆስፒታል ሲደርሱ ስለ ኦፕራሲዮን የሚነገርዎም ለዚህ ነው።

አንዱ መንገድ ቀጫጭን ሽቦ በቆዳ በኩል አጥንቱ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይወጣል። ሌላው ቆዳ ተከፍቶ ብረት በብሎን ማሰር ነው። ብረቱ እጅን ቶሎ ለማንቀሳቀስ ይረዳል፤ ነገር ግን ውድ ነው፣ ብዙ መሣሪያም ይፈልጋል። ከቆዳ ውጭ የሚታሰር የብረት ድጋፍም አለ፤ በተለይ ክፍት ቁስል ሲኖር ወይም አጥንቱ ሲደቅ ይመረጣል።

ብዙ ሰው «ብረት ካልገባልኝ አልድንም» ይላል። በእንግሊዝ አገር 461 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ግን ሽቦና ብረት ከአንድ ዓመት በኋላ የተቀራረበ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። በ2022 የወጣው ደግሞ 500 ሰዎችን ይዞ ሽቦን ከጄሶ ጋር አነጻጸረ፤ የዓመቱ ውጤት አሁንም ተቀራራቢ ነበር። ሆኖም ጄሶ ብቻ ከታሰረላቸው ከስምንቱ አንዱ ያህል አጥንቱ ስለተንሸራተተ ኦፕራሲዮን አስፈልጎታል። ሁለቱም ጥናቶች ቆዳ ሳይከፈት ሊስተካከል የሚችል ስብራትን የሚመለከቱ ናቸው፤ መገጣጠሚያው ክፉኛ ለደቀቀ ሰው ሐኪሙ ሌላ ሊል ይችላል።

ስለዚህ ጄሶ ብቻ ከታሰረልዎ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚሰጥዎትን የራጅ ቀጠሮ አያሳልፉ። አጥንቱ ተጣሞ መግጠም ከጀመረ ማስተካከሉ ይከብዳል። ዝናብ መንገድ የሚዘጋ ከመሰለዎ ለጤና በጎ ፈቃደኛው አስቀድመው ይንገሩ።

ወጌሻ ዘንድ የሄደን ሰው አንወቅስም፤ በአገራችን የኖረ ነው። ግን በቀርከሃ ጠብቆ የታሰረ እጅ ደም ተቋርጦበት እስከ መቆረጥ ይደርሳል። በጄሶም ቢሆን ጣትዎ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ከጠቆረ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ሌሊትም ቢሆን ወደ ክሊኒክ ይምጡ። ሽቦ የገባልዎ ሰዎች ቦታውን ከውኃና ከአቧራ ይጠብቁ (በድንኳን ኑሮ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን)፤ መግል ወይም ትኩሳት ካዩ ሽቦውን ራስዎ አይንቀሉ። ጣቶችዎን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያጥፉ፣ ይዘርጉ።