ሊንክ ምስክርነት ነው፦ ስለ ጉግል ደረጃ የሚነገሩ አራት ተረቶችና እውነታቸው

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለችው ከሚሴና በዙሪያዋ ያለው የጨፋ ሸለቆ ለሌላው የሚያሳዩት ሞልቷል። የቦርከና ወንዝ የሚያርሰው ረግረግ በበጋ የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብት መጠጊያ ነው፤ የሰንበቴ የእሑድ ገበያና የባቲ የሰኞ ገበያ ደገኛውንና ቆለኛውን ያገናኛሉ። በዚህ አካባቢ ሆቴል የከፈተ፣ እንግዳ የሚያስጎበኝ ወይም ምርቱን የሚሸጥ ሰው ድረ ገጽ ሲያሠራ ብዙ ጊዜ ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ «ባክሊንክ ግዛ፣ ጉግል ላይ ቀዳሚ ትሆናለህ» የሚል ነው። ሌሎች ድረ ገጾች ወደ እኛ የሚሰጡት ሊንክ (ባክሊንክ) ለደረጃ እንደሚጠቅም እውነት ነውና ምክሩ ያሳምናል። የሚስተው ግን ሊንክን እንደ ሸቀጥ ማየቱ ላይ ነው። ሊንክ ምስክርነት ነው፤ ምስክርነት ደግሞ የሚመዘነው በብዛቱ ሳይሆን በመስካሪው ማንነት ነው።

ተረት 1፦ ሊንክ በበዛ ቁጥር ደረጃ ይጨምራል

የጉግል መሥራቾች ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ቀምረው እ.ኤ.አ. በ1998 ያስተዋወቁት ፔጅራንክ የተባለው የገጽ መመዘኛ ስሌት ከመነሻውም ቆጠራ ብቻ አልነበረም። በስሌቱ መሠረት አንድ ገጽ ለሌላው የሚሰጠው ክብደት ራሱ ከሌሎች ባገኘው ክብደት የተወሰነ ነው፤ ያም ክብደት በገጹ ላይ ላሉት ሊንኮች ሁሉ ይከፋፈላል። ስለዚህ ማንም የማይጠቅሰውና ሺህ ሊንክ የታጨቀበት ገጽ ለእያንዳንዱ የሚያካፍለው ከቁጥር አይገባም። በወሎ ጸብ የሚያበርዱት አባጋሮች ቃላቸው የሚደመጠው ሕዝቡ አስቀድሞ ስለሚያከብራቸው ነው፤ እዚህም ነገሩ እንደዚያው ነው። ስለ ጨፋ የበጋ ግጦሽ የተዘጋጀን ገጽ አንድ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በጥናት ገጹ ቢጠቅሰው፣ የቁማር ማስታወቂያ ከሞላባቸው መቶ ድረ ገጾች ከሚመጣ ሊንክ ይበልጣል። ሊንኩ ያረፈበት ጽሑፍም የራሱ ድርሻ አለው። «እዚህ ይጫኑ» የሚለው ስለ መድረሻው ምንም አይናገርም፤ «የባቲ የሰኞ ገበያ» የሚለው ግን ምን እንደሚገኝ ለአንባቢውም ለጉግልም ያስታውቃል።

ተረት 2፦ ሊንክ መግዛት አቋራጭ ነው፣ ጉዳትም የለውም

እ.ኤ.አ. በ2011 ኒው ዮርክ ታይምስ የአሜሪካው የችርቻሮ ኩባንያ ጄሲ ፔኒ በሺዎች በሚቆጠሩ፣ ከንግዱ ጋር በማይገናኙ ገጾች ላይ ሊንክ ተበትኖለት በፍለጋ ውጤት ቀዳሚ እንደነበር አጋለጠ፤ ጉግልም ወዲያው ደረጃውን አወረደው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2012 ደግሞ ፔንግዊን የተባለው የጉግል ማሻሻያ ሊንክ በሚገዙና በሚለዋወጡ ድረ ገጾች ላይ አነጣጠረ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ፔንግዊን የዋናው ስሌት አካል ሆኖ፣ በአብዛኛው ድረ ገጹን ከመቅጣት ይልቅ ሐሰተኛውን ሊንክ ዋጋ ያሳጣል። «ተፎካካሪዬ ገዝቶ ይኸው ከላይ ተቀምጧል» የሚል ክርክር ይነሳ ይሆናል። ሆኖም መግዛቱን ብናውቅ እንኳ ከላይ ያወጣው የገዛው ሊንክ ስለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ሊንኩ ዋጋ ያጣው በዝምታ ስለሆነ ገዢው ራሱ ገንዘቡን ውኃ እንደበላው ላያውቅ ይችላል። ጉግል በሰው ዓይን መርምሮ የሚጥለው ቅጣትም እስካሁን አልቀረም። ለማስታወቂያ ሲባል ሊንክ መግዛት አልተከለከለም፤ ግን የተከፈለበት መሆኑ በሊንኩ ኮድ ላይ መገለጽ አለበት፤ ያኔ ደንበኛ ያመጣል እንጂ ለደረጃ ተብሎ አይቆጠርም።

ተረት 3፦ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ማጋራት ሊንክ መገንባት ነው

ጉግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2005 «ኖፎሎው» የተባለውን ምልክት ተቀበሉ፤ ትርጉሙ «ይህን ሊንክ እንደ ድጋፍ አትቁጠሩት» ማለት ነው። ፌስቡክ ላይ የሚለጠፉ ሊንኮች ይህ ምልክት አለባቸው፤ ዊኪፒዲያም ወደ ውጭ ለሚወስዱ ሊንኮቹ ይጠቀምበታል። የተዘጋ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የተላከውን ደግሞ ድረ ገጾችን የሚያስሰው የጉግል ፕሮግራም ጭራሽ አያየውም። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ጉግል ምልክቱን እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ጥብቅ ትእዛዝ እንደማያየው አስታውቋል፤ ይህ ግን ፌስቡክን የደረጃ መሰላል አያደርገውም። «ደንበኞቻችን ያሉት እዚያ ነው» የሚለው መልስ ትክክል ነው፤ ማጋራቱም ይቀጥል። ጥቅሙ ግን ሰው ማምጣቱ ነው። ከመጡት መካከል አንዱ ጋዜጠኛ ወይም አስጎብኚ ሆኖ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ሲጠቅሰን እውነተኛው ሊንክ ያኔ ይወለዳል።

ተረት 4፦ ለትንሽ ከተማ ይህ ሁሉ አይሆንም

ስለ ከሚሴ የሚጽፉ ድረ ገጾች ጥቂት መሆናቸው እውነት ነው። ጥቂት መሆናቸው ግን ፉክክሩንም ያቀለዋል። የጉግል ባልደረባ ጌሪ ኢሊየስ እ.ኤ.አ. በ2023 ሊንክ ከሦስቱ ዋና መመዘኛዎች አንዱ ነው ብሎ እንደማያምን ተናግሯል፤ ስለዚህ ይዘቱ የተሟላ ገጽ በጥቂት ሊንክም ሊታይ ይችላል። በካርታ ላይ ለሚወጣ ሆቴል ደግሞ ጉግል የሚያያቸው ከፍለጋው ጋር መዛመዱን፣ ርቀቱንና ታዋቂነቱን እንደሆነ በይፋ ገልጿል፤ ስለዚህ ሥራው አድራሻን፣ ስልክንና የሥራ ሰዓትን ጉግል ላይ አስተካክሎ ከመመዝገብ ይጀምራል። ቀጥሎ የሚያስፈልገው ሌላው የማያውቀውን መጻፍ ነው፦ ሰኞ ወደ ባቲ ለመድረስ መኪና ከየት እንደሚያዝ፣ የግመል ተራው በስንት ሰዓት እንደሚደምቅ፣ ረግረጉ በየትኛው ወር እንደሚሞላ፤ ይህም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን (አሚኮ) በሁለቱም ቋንቋ የሚያሰራጭ በመሆኑ፣ ዘጋቢዎቹም አስጎብኚ ድርጅቶችም መረጃ ሲፈልጉ የሚያገኙት ገጽ የእናንተ ይሁን።

ይህ መንገድ ዝግ ይላል፤ ለሊንክ ሻጭ ሊከፈል የታሰበው ገንዘብ ግን አንድ ጥሩ ገጽ ለማዘጋጀትና ፎቶ ለማስነሳት ይበቃ ይሆናል። ገጹ ሲያልቅ አካባቢውን ለሚያውቁና ድረ ገጽ ላላቸው ሰዎች ላኩላቸው፤ ጠቃሚ ሆኖ ካገኙት እንዲጠቅሱት ጠይቁ። እንዲህ የተገኘ ሊንክ የጉግል ስሌት በተቀየረ ቁጥር አያሰጋም፤ ስሌቱ ሲሻሻል የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ምስክርነት ነውና።