ለአቢጃታ አክሲዮን ከመፈረማችን በፊት

ባለፈው ቅዳሜ ሴይንት ፖል፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ካለ አንድ ያገራችን ሰው ቤት ተሰብስበን ቶናው ሲቀዳ፣ አንድ ወጣት ወዳጃችን ወረቀት ዘረጋ። «ጋሼ፣ ይህ ዕድል እንዳያመልጥዎ። ከአቢጃታ ሐይቅ ሊቲየም የሚያወጣ አክሲዮን ልናቋቁም ነው። የእርስዎ ድርሻ አምስት ሺህ ዶላር ነው» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ልፈርም ምንም አልቀረኝም። አገር ሲነሳ የስደተኛ ሆድ ቶሎ ይባባል።

ግን የእኔ እንጀራ ሶፍትነር መጠገን ነው። በዙሪያችን ባሉ ከተሞች የጉድጓድ ውሃ ጠንካራ ስለሆነ፣ በየምድር ቤቱ ሬዚን የሚባሉ ጥቃቅን ፍሬዎች የሞሉበት በርሜል አለ። ውሃው በመሐላቸው ሲያልፍ ካልሲየሙና ማግኒዝየሙ በፍሬዎቹ ላይ ይቀራል፤ በምትኩ ሶዲየም ይለቃሉ። ሲጠግቡ በጨው ውሃ ታጥበው እንደገና ይሠራሉ።

ወጣቱ ያመጣው ነገር የዚሁ ዘመድ ነው። ጨዋማው ውሃ ሊቲየምን መርጦ በሚይዝ ፍሬ መሐል ያልፋል፤ የተያዘው በንጹሕ ውሃ ወይም በአሲድ ታጥቦ ይወሰዳል፤ የተረፈው ጨዋማ ውሃ ወደ መጣበት ሊመለስ ይችላል። ተረት አይደለም፤ አርጀንቲና ውስጥ ኦምብሬ ሙዌርቶ በተባለው የጨው ሜዳ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይሠራበታል።

ታዲያ ምን አሳሰበኝ? የአቢጃታ ታሪክ ነው። በደርግ ዘመን ሶዳ አሽ ለማምረት የሐይቁ ውሃ እየተሳበ በኩሬ ውስጥ በፀሐይ እንዲተን ተደረገ። ከላይ ደግሞ ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚወርደው ውሃ ለመስኖ ተጠለፈ። ሐይቁ ሸሸ፤ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣው አለቀ። ሻላ ደሴት ላይ እየፈለፈሉ አቢጃታ ዓሣ ያጠምዱ የነበሩት ፔሊካኖች ገበታቸው ተነሣ።

ስለዚህ ሦስት ጥያቄ ጠየቅሁት።

«አንደኛ፣ በአንድ ሊትር የአቢጃታ ውሃ ውስጥ ስንት ሚሊግራም ሊቲየም አለ? ሐይቁ የታወቀው በሶዳው ነው። ሶዳው ደግሞ ከመብዛቱ የተነሳ በፍሬ አይለቀምም፤ ፍሬው ወዲያው ይጠግባል። ሁለተኛ፣ የማጠቢያው ንጹሕ ውሃ ከየት ይመጣል? ከቡልቡላ ከሆነ ሐይቁን ደግሞ መግደል ነው። ሦስተኛ፣ የምትመልሱት ውሃ ፍላሚንጎዎቹን እንዳይጎዳ ማን ይመረምረዋል? ቦታው እኮ ብሔራዊ ፓርክ ነው!»

ለመጀመሪያው እንኳ መልስ አልነበረውም። «ጋሼ፣ ተስፋ አስቆረጡኝ» አለና አቀረቀረ።

«የለም ልጄ፣ አስፈቅደህ ጥቂት ጠርሙስ ውሃ አስመጣና ላቦራቶሪ አስመርምር። ቁጥሩ ደህና ከሆነ፣ ለሁለቱም ጥያቄ መልስ ካገኘህ፣ ብሩን ተበድሬም ቢሆን እሰጥሃለሁ» አልኩት።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በረካውን ሳይጠጣ ወጣ፤ እስካሁን አልደወለልኝም። ውድ አንባቢያን፣ ይህ ልጅ ቅን ነው። ወረቀቱ ወደ እናንተ ሲመጣ ግን ከመፈረማችሁ በፊት ቁጥሩን ጠይቁት።