ስኪ፦ በአመዳይ ላይ መንሸራተት

ስኪ ሁለት ረጃጅም ቀጫጭን ሰሌዳዎችን ከጫማ ጋር አያይዞ በአመዳይ ላይ መንሸራተት ነው። በኢትዮጵያ በረዶ ሲባል የሚታሰበው ሰብል የሚመታው ጠጣር በረዶ ነው፤ ለስኪ የሚሆነው ግን መሬቱን የሚያለብሰው ለስላሳ አመዳይ ነው።

አልፓይን ስኪ ቁልቁለት መውረድ ነው፤ ተረከዝ ከሰሌዳው ጋር ይታሰራል። በአገር አቋራጭ ስኪ ተረከዝ ነጻ ስለሆነ ስፖርተኛው ሁለት ዘንጎች እየተመረኮዘ ዳገቱንም ይወጣል። ትንፋሽና ጽናት ይጠይቃል፤ ለኢትዮጵያውያን የሚቀርበውም ይኸኛው ነው። በክላሲክ ስልት እግሮች በተቀደደ መስመር ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ በነጻ ስልት ወደ ጎን ይገፋሉ። አመዳይ በሌለበት ጎማ የተገጠመለት ሮለር ስኪ በአስፋልት ላይ ያለማምዳል።

አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. በቱሪን በ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ተወዳድሮ በክረምት ኦሎምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2010 ቫንኩቨር ላይም በድጋሚ ተሰልፏል።