የመኖሪያ ቤት ኪራይ፡ ከቃል ስምምነት ወደ ተመዘገበ ውል

በከተማ በደመወዝ የሚተዳደር ተከራይ ለዓመታት ሲፈራው የኖረው አንድ መልእክት ነው፤ "ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ቤቱን ለራሴ ስለምፈልገው ሌላ ቤት ፈልጉ" የሚል። ብዙውን ጊዜ ቤቱ የሚፈለገው ለባለቤቱ ሳይሆን የበለጠ ለሚከፍል ሌላ ተከራይ መሆኑን ሁለቱም ወገኖች ያውቁታል። ልጆች በዓመቱ አጋማሽ ትምህርት ቤት ይቀይራሉ፤ ደላላው ደግሞ ከገቢውም ከወጪውም ድርሻውን ይወስዳል።

ይህን ሁኔታ ለመለወጥ የታለመው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም ነው።

መንግሥት በቤት ኪራይ ጉዳይ ጣልቃ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የኪራዩን መጠንና ዘመን በአመዛኙ ለተዋዋዮች ስምምነት የተወ ሲሆን፣ በ1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት በማድረግ ኪራይ ቀንሷል። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች በቀበሌ እጅ የገቡት ያኔ ነው፤ "የቀበሌ ቤት" የሚለው አጠራርም ከዚሁ የመነጨ ነው። በቅርቡም በ2012 ዓ.ም በኮቪድ 19 ወረርሽኝ ምክንያት በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዘመን ተከራይን ማስወጣትና ኪራይ መጨመር ለጊዜው ተከልክሎ ነበር። የ2016ቱ አዋጅ ቤት አይወርስም፤ ጊዜያዊ እግድም አይደለም። ባለቤትነቱን ለባለቤቱ ትቶ ውሉን ይቆጣጠራል።

በአዋጁ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ መደረግና በ30 ቀናት ውስጥ በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ መመዝገብ ይኖርበታል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ቀደም ሲል የስድስት ወርና የአንድ ዓመት ቅድሚያ ሲጠየቅ ለኖረ ሠራተኛ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። ጭማሪም አከራዩ በፈለገው ጊዜና መጠን ሳይሆን ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያሳውቀው መጠን ብቻ የሚፈጸም ይሆናል። ሆቴሎች በአዋጁ አይሸፈኑም።

ጥበቃው ሁሉ ግን የቆመው በምዝገባው ላይ ነው። በአዲስ አበባ ምዝገባው በ2016 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ላይ በየወረዳው ሲጀመር የተወሰኑ አከራዮች ማመንታታቸው የሚያስገርም አልነበረም። የተመዘገበ ውል የኪራይ ገቢን ለግብር ሰብሳቢው ግልጽ ያደርጋልና። ስለሆነም በውሉ ላይ አነስተኛ ገንዘብ አስፍሮ ቀሪውን በእጅ መቀበል ቀላል ማምለጫ መስሎ ይታያል። ተከራዩም ቤቱን ላለማጣት ሲል ይስማማል። እንዲህ ያለው ተከራይ ነገ ክርክር ቢነሳ በእጅ የከፈለውን የሚያስረዳበት ሰነድ አይኖረውም። አዋጁ ኪራይ በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ ዘዴ እንዲከፈል ማዘዙ ይህን በር ለመዝጋት ሲሆን፣ የባንክ ደረሰኙ ግብር ሰብሳቢውን የሚያገለግለውን ያህል ለተከራዩም ማስረጃ ነው።

የአከራዩም ጉዳይ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በርካታ አከራዮች ከግቢያቸው አንድ ሰርቪስ ቤት በማከራየት የጡረታ አበላቸውን የሚደጉሙ አረጋውያን ናቸው። የገበያ ዋጋ እየናረ የኪራይ ጭማሪው ከዚያ በእጅጉ ወደኋላ ቢቀር ጉዳቱ የሚያርፈው በእነዚሁ ላይ ሲሆን፣ ከዚህ አልፎም ለኪራይ የሚቀርበው ቤት ሊቀንስ ይችላል። በመሆኑም ዓመታዊውን የጭማሪ መጠን የሚወስኑ ኃላፊዎች በእጃቸው የያዙት ሚዛን ከባድ ነው። አዋጁ አከራዩን ያለ መብት አልተወውም። ኪራዩን በወቅቱ የማይከፍል ወይም መኖሪያውን ያለ አከራዩ ፈቃድ ለንግድ የሚያውል ተከራይ ውሉ ከዘመኑ በፊት ሊቋረጥበት ይችላል።

በ2016 ዓ.ም ክረምት የተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ውሎች የሁለት ዓመት ዘመናቸው የሚሞላው በ2018 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ነው። ቤቱን ይዞ ለመቀጠል የሚስማማ ተከራይ አዲሱን ስምምነትም በቃል ብቻ ሳይተው በጽሑፍ አድርጎ፣ ከአከራዩ ጋር ወደ ወረዳው መዝጋቢ መቅረብና የክፍያ ደረሰኞቹን ማቆየት ይጠበቅበታል።