ከትምህርት ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜና የነጋዴው ድርሻ

በፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት የጧቱ ተማሪ በ6 ሰዓት ግድም ደብተሩን ይዞ ይወጣል። ወላጆቹ ከሥራ የሚመለሱት ማታ ስለሆነ፣ ግማሹን ቀን የሚያሳልፈው በመንገድ ላይ ወይም ከሱቅ ባንኮኒ ኋላ ነው። ገንዘብ ያለው ወላጅ አስጠኚ ይቀጥራል፤ የሌለው ልጁን ለዕድሉ ይተወዋል። ይህ ጉዳይ የትምህርት ሹማምንትን ብቻ የሚመለከት መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ነገ ሒሳብ ያዥና የመጋዘን ኃላፊ የምንፈልገው እኛ ነጋዴዎች ነን።

ልጅ ወላጁን በሱቅ መርዳቱ ነውር ነው አንልም፤ ብዙ ነጋዴ ሚዛንን የለመደው በዚሁ መንገድ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ከልክሏል፤ ዕድሜው ከ15 እስከ 18 የሆነውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ደንግጓል። ስለዚህ ባዶውን ጊዜ በቅጥር መሙላት መፍትሔ አይሆንም።

በአዲስ አበባ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን አራት ኪሎ ለመድረስ የትራንስፖርት ገንዘብ የሌለው ልጅ በየሰፈሩ አለ። ለእርሱ የሚያስፈልገው በእግሩ የሚደርስበት ቤት ነው።

ቤቱስ አለ። በየሰፈሩ የእድር አዳራሽ ከነወንበሩ፣ ለቅሶ ወይም ስብሰባ ከሌለ፣ ተዘግቶ ይውላል። የእድሩ ዳኞች ቢፈቅዱ፣ በአንድ የገበያ መደዳ ያሉ ባለሱቆች በየወሩ አዋጥተው የአስጠኚዎችን ደመወዝና የልጆቹን መክሰስ ሊሸፍኑ ይችላሉ።

ሆኖም በር ከፍቶ ልጆችን መሰብሰብ ብቻውን አይበቃም። ዱርላክና ባልደረቦቹ በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ የሚገኙ ብዙ መሰል ፕሮግራሞችን መርምረው ነበር። በቅደም ተከተል የሚያስተምሩት፣ ልጆቹን በተግባር የሚያሠሩት፣ በቂ ጊዜ የመደቡትና ግባቸውን ለይተው ያወቁት ፕሮግራሞች የተሻለ ውጤት ማስገኘታቸውን አገኙ። ሸቀጥ ሳይመረምር የማይረከብ ነጋዴ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ስለዚህ አዋጪው ደረሰኝ ብቻ አይጠይቅ፤ የሚመጡትን ልጆች መዝገብ፣ አስጠኚው የማይቀርባቸውን ቀኖችና በወሩ መጨረሻ ልጆቹ የሠሩትን ደብተር ጭምር ይመልከት።

አዳራሹ ለለቅሶ በተፈለገ ቀን ጥናቱ የት እንደሚዛወር ከእድሩ ጋር አስቀድሞ መዋዋል ይገባል።