የኮክ ዛፍ መከርከምና የፍሬው ዋጋ

በገበያ ላይ ሁለት ቅርጫት ኮክ ጎን ለጎን ሲቀርቡ፣ በአንደኛው ያለው ፍሬ ትልቅና የቀላ፣ በሌላው ያለው ደግሞ ትንሽና ሥጋው የሳሳ ሆኖ ይገኛል። ነጋዴው ልዩነቱን ለዝርያው ወይም ለአፈሩ ይሰጠዋል። ሁለቱም ድርሻ አላቸው፤ ይሁን እንጂ በአንድ ግቢ የበቀሉ የአንድ ዝርያ ዛፎች እንኳ እንዲህ የሚለያዩት ብዙውን ጊዜ አንደኛው ተከርክሞ ሌላው እንዳሻው እንዲያድግ በመተዉ ነው።

ኮክ በአብዛኛው የሚያፈራው ባለፈው ዓመት ባደገ ቀንበጥ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ያፈራ ቀንበጥ በዚያው ስፍራ ዳግመኛ አያፈራም። ስለዚህ ያልተከረከመ ዛፍ ፍሬው በየዓመቱ ከግንዱ እየራቀ ወደ ጫፍ ይሸሻል፤ ውስጡ ጥላ ውጦት ይደርቃል፤ ረዥሙም ቅርንጫፍ በፍሬው ክብደት ይሰነጠቃል።

ሥራው የሚጀምረው ከተከላው ቀን ነው። ችግኙ ከመሬት ከ60 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይቆረጣል። ከሚያወጣቸውም ቅርንጫፎች በዙሪያው ተራርቀው ወደ ውጭ ያዘነበሉት 3 ወይም 4 ብቻ ይቀራሉ፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ካለ ገና ለጋ ሳለ በገመድ ወደ ውጭ ይሳባል። ዛፉ መካከሉ ክፍት እንደ ሆነ ዋንጫ ሲያድግ ፀሐይ እስከ ታችኛው ቀንበጥ ይደርሳል፤ ፍሬውን የሚያቀላውም ይኸው ፀሐይ ነው።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ፣ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ካረፈ በኋላ እምቡጡ ሊያብጥ ሲል ይከረከማል። የደረቀው፣ የታመመውና እርስ በርሱ የሚፋተገው ይወገዳል፤ ካለፈው ዓመት ቀንበጥም ግማሽ ያህሉ ይቆረጣል፤ የእርሳስ ውፍረት ያለው ይቀራል። ልምድ የሌለው ሰው ይህን ቢያይ ዛፉ የተገደለ ይመስለዋል። እንጭጩ ሲወጣ ደግሞ በፍሬና በፍሬ መካከል ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር እንዲኖር ይሳሳል።

ከሁሉ የሚከብደው እጅን ማስጨከኑ ነው። ገዢው ትልቁንም ትንሹንም በአንድ ዋጋ የሚወስድ ከሆነ፣ ለገበሬው እያንዳንዱ የተቆረጠ ቀንበጥ ግልጽ ኪሳራ ይሆንበታል፤ በዚህም ሊወቀስ አይገባም። ስለሆነም በመጠን የተለየ ዋጋ የሚከፍል ነጋዴ ይህን ማስታወቅ ያለበት በለቀማ ጊዜ ሳይሆን፣ ከወራት አስቀድሞ መቀሱ ሳይነሣ ነው።

ለብዙ ዓመት የተረሳ ትልቅ ዛፍ በአንድ ጊዜ አይከረከምም፤ በድንገት የተጋለጠው ቅርፊት በፀሐይ ይቃጠላልና ሥራው ለ2 ወይም ለ3 ዓመት ይከፋፈላል። በመጀመሪያው ዓመት የፍሬው ቁጥር መቀነሱ አይቀርም። ከእንዲህ ያለ ግቢ ለመግዛት ውል የሚገባ ነጋዴ ይህን ጉድለት አስቀድሞ ከሒሳቡ ማግባት ይኖርበታል።