የሕንፃ ፈቃድ መዝገብና የሻጭ ጊዜ

በትልልቅ ከተሞች ሕንፃ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ከማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ መቀበል ግዴታው ነው። የፈቃዱ ዋና ዓላማ የነዋሪውን ደኅንነት መጠበቅ ነው፤ ይሁን እንጂ መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት በሆነበት አገር ለንግድም ይጠቅማል። ይኸውም አርማታ፥ መስኮት ወይም ቀለም የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን መቼ ማነጋገር እንደሚገባው ያመለክተዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ መዝገቡ ለዚህ ሥራ ምን ያህል እንደሚረዳና የት ላይ እንደሚያሳስት፥ የአሜሪካውን የቺካጎን ከተማ ምሳሌ አድርገን ለመግለጽ እንሞክራለን።

የቺካጎ የሕንፃ መሥሪያ ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የሰጣቸው ፈቃዶች በከተማው የኢንተርኔት መዝገብ ለማንም በነፃ ይታያሉ። በመዝገቡ የፈቃዱ ዐይነት፥ ማመልከቻው የተጀመረበትና ፈቃዱ የተሰጠበት ቀን፥ የቦታው አድራሻ፥ የሥራው መግለጫ፥ የተገመተው ወጪ፥ ብዙ ጊዜም የሥራ ተቋራጩና የአርክቴክቱ ስም ይገኛል። አዲስ ሕንፃ፥ እድሳትና ማፍረስም በየዐይነታቸው ተለይተዋል። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ደግሞ የመኖሪያ ቤት ፈቃዶችን ብዛት ለመላው አገር እየደመረ በየወሩ ያወጣል። ይህ ጠቅላላ ቁጥር ለፋብሪካ የዓመት ዕቅድ ይረዳል፤ ነገ የማንን በር ላንኳኳ ለሚል ሻጭ ግን የከተማው ዝርዝር መዝገብ ይበልጥበታል።

ብዙ ሰው ፈቃዱ የተሰጠበት ቀን የመሸጫው ቀን ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሕንፃ በተራ ይሠራል፤ መጀመሪያ ቁፋሮና መሠረት፥ ቀጥሎ አቋሙና ጣሪያው፥ ከዚያ በግድግዳ ውስጥ የሚያልፉት የውሃና የኤሌክትሪክ መሥመሮች፥ በመጨረሻም ልስን፥ ወለል፥ የወጥ ቤት ካቢኔና ቀለም ይከተላሉ። ስለዚህ አንዱ ቀን ለአንዱ ሻጭ የዘገየ፥ ለሌላው የቸኮለ ይሆናል።

አርማታና ፌሮ የሚሸጠውን እንመልከት። ተቋራጩ ዋጋ ሲያቀርብ ዕቃውን ከማን እንደሚገዛ አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ብሎ አስቦበታል። የቺካጎው መዝገብ ደግሞ የሚያሳየው የተሰጡትን ፈቃዶች እንጂ ገና በምርመራ ላይ ያሉትን አይደለም። እንግዲህ ይህ ሻጭ ፈቃዱን አይቶ ቢሮጥ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆንበታል። ለእርሱ የመዝገቡ ጥቅም ቀኑ ሳይሆን ስሙ ነው፤ በየዓመቱ ደጋግመው የሚሠሩትን ተቋራጮችና አርክቴክቶች ለይቶ ለሚመጣው ሥራ አስቀድሞ ይተዋወቃቸዋል።

የካቢኔ ሻጭ ግን ቀኑን ራሱን ሊጠቀምበት ይችላል። ለምሳሌ ያህል ፈቃዱ ማርች 1 ቀን ተሰጠ፥ ሥራው ከአንድ ወር በኋላ ተጀመረ፥ ካቢኔውም ሥራው በተጀመረ በስድስት ወሩ ይገጠማል እንበል። የመግጠሚያው ጊዜ ኦክቶበር 1 ገደማ ነው። ዕቃው ከታዘዘ በኋላ ለመድረስ ሁለት ወር፥ ባለቤቱም ለመምረጥ አንድ ወር ቢያስፈልገው፥ ተገቢው የመነጋገሪያ ጊዜ ጁላይ 1 ላይ ይውላል። ይህም ፈቃዱ ከተሰጠ አራት ወር በኋላ ነው።

ይህን ርቀት ግን በግምት ብቻ መወሰን አይገባም። ነጋዴው ያለፉትን 30 ደንበኞቹን ወስዶ የእያንዳንዱን ፈቃድ በመዝገቡ ይፈልግ፤ ከፈቃዱ ቀን እስከ መጀመሪያው ትእዛዝ ያለፉትን ቀኖች ይቍጠር፤ ቍጥሮቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሮ መካከለኛውን ይውሰድ። አማካዩን ብንወስድ ለዓመታት የተጓተተ አንድ ሥራ ብቻ ስሌቱን ሊያዛባው ይችላል። አዲስ ሕንፃና እድሳትም ለየብቻ መቈጠር አለባቸው።

ከዚህ ላይ አንባቢ ሦስት ነገር ልብ እንዲል እንወዳለን። አንደኛ፥ ፈቃድ ማለት የሥራ መጀመር ማለት አይደለም፤ በቺካጎ ብርድ በዲሴምበር የተፈቀደ ሥራ እስከ ፀደይ ሊቆይ፥ ገንዘብ ያጠረውም ጭራሹን ሊቀር ይችላል። ሁለተኛ፥ የተጻፈው ወጪ ግምት ነውና የደንበኛውን አቅም በትክክል አይለካም። ሦስተኛ፥ መዝገቡ ክፍት ነው ማለት የባለቤቱ ጸጥታ ለሻጭ ተሰጥቷል ማለት አይደለም። አሜሪካ የንግድ ስልክ እንዳይደወልላቸው ለሚሹ ሰዎች በ2003 ዓ.ም. አገር አቀፍ መዝገብ ያቋቋመችው ሰዉ በሻጮች ጥሪ በመሰልቸቱ ነው። ጊዜውን ጠብቆ አንድ ጊዜ የሚመጣ ሻጭ ከአሥር ጊዜ ደዋይ ይሻላል፤ እርሱም አያስቸግርም፥ ድካሙም አይባክንም።

ጉዳዩ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፥ ከፍታው ከ12 ሜትር የሚበልጠውን በምድብ «ሐ» አስገብቶት ነበር። እንዲህ ያለ ክፍፍል በመዝገብ ላይ ቢነበብ አሳንሰር የሚሸጠውን ሰው ከብዙ ከንቱ ምልልስ ያድነዋል። መዝገብ በመሥሪያ ቤት ሣጥን ተቈልፎ ሲቀመጥ ወሬውን ቀድሞ የሚሰማው በቢሮው ዘመድ ወይም ወዳጅ ያለው ነጋዴ ነው፤ ለሁሉ ሲገለጥ ግን ትንሹ አናጢና ትልቁ አስመጪ እኩል ያነቡታል። ከዚያ በኋላ የሚለያያቸው ቀኑን በትክክል ማስላታቸውና ባለቤቱን በአክብሮት ማነጋገራቸው ይሆናል።